ሁለት ስክሪን፣ አንድ ካርድ

አንድ ሰው ነበረ። ፎቶ አንሺ ነው። ቡታጅራ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ በአንድ ጫማ ቤትና በአንድ ወፍጮ ቤት መሀል የተጣበቀች ጠባብ ስቱዲዮ ነበረችው። ስሙ ለነገሩ ብዙም አይጠቅምም፤ ግን ሰው ያለ ስም ሲወራ አይጥምም፣ ፍሬው እንበለው።

ፍሬው ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ። አይሰርቅም፣ አይሰክርም፣ የቀጠረውን ሰው አያመላልስም። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ገበሬ ኮሌታውን በእጁ አቃንቶለት፣ "ቀና በሉ አባቴ፣ ትንሽ ፈገግ" ብሎ የሚያነሳ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ታዲያ ምኑ ነው ችግሩ?

ችግሩ ኮምፒውተሩ ነበር። ምእመናን፣ ያ ኮምፒውተር አርጅቷል ብል አይገልጸውም። ጠዋት ሲከፈት ስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር ይሆናል፤ ፊደሉ ሁሉ ጎኑ ላይ ጥላ አለው፤ ምስሉ እንደ ብርድ የያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ፍሬው ምን ያደርጋል? በመዳፉ ጎኑን ጧ ያደርገዋል። ይስተካከላል። "ይሄ ካልተመታ አይሰማም" ይላል፣ ይስቃል፣ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረ። የሚንቀጠቀጥ ነገር እያየ፣ እየመታ፣ እየሳቀ።

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሡኝ። በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ቪዲዮ ካርድ የሚሏት ሰሌዳ አለች። ፊት ለፊት የምታዩት ስክሪን በራሱ ምንም አያውቅም። "ይሄን ቀይ አድርገህ አሳይ፣ ያንን አረንጓዴ አድርገህ አሳይ" ብላ የምትልክለት እሷ ናት። የፍሬው ካርድ ታማለች። ቀይ ቀለም መላክ ደክሟታል። በአንድ ቀን ቢሆን ኖሮ ደንግጦ ይነቃ ነበር። በአንድ ቀን አልሆነም። ዛሬ ጥቂት፣ ከወር በኋላ ጥቂት፣ ከበዓል በኋላ ደግሞ ጥቂት። ዓይኑም አብሯት ለመደ።

እንግዲህ ቀይ ሲጎድል ሰው ምን ይመስላል? ወባ የያዘው ይመስላል። ፍሬው ፎቶ አንስቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍተው፣ ሙሽራዋ የወየበች፣ ሚዜው የገረጣ፣ ሽማግሌው ከሆስፒታል የወጣ ይመስላል። ሥራውን የሚወድ ሰው ዝም ብሎ ያያል? አያይም። ቀይ ይጨምራል። ፊታቸው ደም እስኪያገኝ፣ ጉንጫቸው እስኪሞቅ ይጨምራል። "አሁን ሰው መሰሉ" ይልና ወደ ማተሚያ ቤት ይልከዋል።

ወረቀቱ ላይ ምን ወጣ? አትሳቁ። ቲማቲም ወጣ።

መጀመሪያ የመጣችው ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ ፎቶ የተነሳች ልጅ ነበረች። "ጋሼ፣ ፊቴ ቀላብኝ" አለችው።

"ፀሐይ መትቶሽ ነው እህቴ።"

ቀጥሎ የልጃቸውን ክርስትና ያስነሱ ባልና ሚስት መጡ። "ልጃችን እንዲህ አይደለም" አሉት። "ሲጠመቅ አላለቀሰም እንዴ? ያለቀሰ ሕፃን ይቀላል" አላቸው። ሰዎቹ ተያዩ። ምን ይበሉ? ልጁ አልቅሶ ነበር።

ለእያንዳንዱ ሰው መልስ ነበረው። ይገርማችኋል፣ ሁሉም መልስ ደግሞ ትንሽ ትንሽ እውነት ነበረበት። ፀሐይ መትቷት ነበር። ሕፃኑም አልቅሶ ነበር። እኛስ ስንሳሳት እንዲሁ አይደለንም? ሙሉ ውሸት መቼ እንናገራለን? በእውነት ፍርፋሪ አይደል እንዴ ራሳችንን የምንመግበው?

ሚስቱ እታፈራሁ ትባላለች። ከስቱዲዮው ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ክፍል የፎቶ ፍሬም ትሠራለች፤ እንጨት ትቆርጣለች፣ መስታወት ታስገባለች። የሚታተመው ሁሉ በእጇ ያልፋል። አንድ ቀን የሠርግ ፎቶ ይዛ ገባች።

"ፍሬው፣ ይሄን ወደ ደጅ አውጥተህ በፀሐይ እየው።"

"አይቸዋለሁ።"

"የት አየኸው?"

"እዚህ ነዋ፣ ኮምፒውተሩ ላይ።"

"እኔ ወረቀቱን ነው ያልኩህ። ደጁ ሦስት እርምጃ ነው። ና ውጣና እየው።"

"አሥራ ስምንት ዓመት ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

እታፈራሁ ፎቶውን አየችው፣ ባሏን አየችው፣ ፎቶውን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። ሌላ ጊዜ ደግማ ነገረችው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ነገረችው። ሦስት እርምጃ፣ ምእመናን! ሦስት እርምጃ ወደ ፀሐይ መውጣት አቃተው። ስታወራው "ጀመረች ደግሞ" ይላል። በመጨረሻ ዝም አለች። ሚስት ዝም ስትል ወንዶች ሰላም የወረደ ይመስለናል። ሰላም አይደለም። ሰልችቷት ነው።

እንግዲህ ፎቶው ቀልቷል፤ ይሄን እሱም መካድ አልቻለም፤ ሰዉ ሁሉ እየመለሰለት ነው። ጥፋተኛ ያስፈልጋል። ማን ይሁን?

ሸምሱ ይሁን።

ሸምሱ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ነው። ፍሬው ስቱዲዮውን ከከፈተ ጀምሮ ፎቶ የሚያትምለት እሱ ነው። በረመዳን ፍሬው እቤቱ ሄዶ አብሮት ያፈጥራል፤ በፋሲካ ሸምሱ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። የፍሬው እናት ሲሞቱ ሦስት ቀን ሱቁን ዘግቶ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። ፍሬው ፎቶዎቹን በክንዱ ታቅፎ ሄደና ባንኮኒው ላይ ዘረገፋቸው።

"ምንድን ነው የምታደርግብኝ ሸምሱ?"

"ምን አደረግሁ?"

"ቀለሙን ምን ቀላቀልህበት?"

ሸምሱ አንዱን ፎቶ አንስቶ አየው። "ፍሬው፣ እኔ የላክህልኝን ነው የማትመው። የሌላውን ሰው ሥራ ተመልከት፣ ይኸው፣ ዛሬ ጠዋት የታተመ ነው። ደህና አይደለም? ያው ማሽን፣ ያው ቀለም። ያንተ ብቻ ነው የሚቀላው። እኔ ላንተ ብቻ ብዬ ቀለም እቀላቅላለሁ?"

በዚህች ሰዓት፣ በዚህች ቃል፣ ሰው ሊነቃ አይገባም ነበር? "ያንተ ብቻ ነው" ተባለ እኮ! ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ይነገር?

አልነቃም። ተናደደ። ከዚያ ወጥቶ ሾፌሩም ነጋዴውም የሚሰበሰብበት ሻይ ቤት ገባና፣ "ሸምሱ ርካሽ ቀለም እያስገባ የሰው ፊት ያበላሻል፣ ሥራችሁን ወደዚያ አትውሰዱ" ብሎ ተናገረ። ሻይ ቤት የተነገረ ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሳምንት ሳይሞላ የዕድር ደረሰኝ የሚያሳትሙት፣ የሠርግ ጥሪ የሚያሳትሙት አንድ አንድ እያሉ ከሸምሱ ራቁ። ሸምሱ ወሬው ከማን እንደወጣ ሰማ። አልመጣም፣ አልተጣላም። መንገድ ላይ ሲያየው ሰላምታ መስጠት ብቻ ተወ።

አሁን ስሙኝ። ሰውየው እንጨት አልነበረምና አንድ ቀን ጥርጣሬ ገባው። "እስቲ ስክሪኑ ይሆን እንዴ?" አለ። እሰይ! እሰይ አላችሁ አይደል? እኔም እሰይ ብዬ ነበር። ጎረቤት ካለው የጽሕፈት ቤት ሌላ ስክሪን ተዋሰ። በነጠላው አቅፎ አመጣና የድሮውን ነቅሎ አዲሱን ሰካው። በድሮው ስክሪን ያየውን፣ ገና ቀይ ያልጨመረበትን ፎቶ ከፈተ።

አንድ ዓይነት ነው። ያው የወየበ፣ ያው የገረጣ።

ወንበሩ ላይ ዘና አለ። "ይኸው" አለ፣ "ሁለት ምስክር አንድ ቃል ከተናገረ ክርክሩ አለቀ።" እታፈራሁን ጠርቶ አሳያት። "ይኸው፣ እዪው፣ ሁለቱም አንድ ነው የሚሉት። ጥፋቱ ከኔ ዘንድ አይደለም።"

ከዚያ ወዲህ ባሰበት። ፎቶዎቹን አዲስ አበባ ወዳለ ማተሚያ ቤት በአውቶቡስ መላክ ጀመረ። ከዚያም ቀይ ሆነው መጡ። ምን ቢል ጥሩ ነው? "አገሩ ሁሉ ቀለሙ ተበላሽቷል!" አለ። አገሩ ሁሉ! ከቡታጅራ እስከ አዲስ አበባ ያለው ቀለም ሁሉ ተበላሽቶ አንድ የፍሬው ኮምፒውተር ብቻ ደህና ቀርታለች። አይ ሰው! ምን ይሻለን ይሆን?

ወይዘሮ አስካለች የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ባላቸው አቶ ዘርጋ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አቶ ዘርጋን ከተማው ያውቃቸዋል፤ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበሩ፣ ጸጥ ያሉ፣ በዘመናቸው መጠጥ በአፋቸው ያልዞረ ሰው ናቸው። ሠርግ ቤት ጠላ ሲቀዳ ብርጭቆአቸውን በመዳፋቸው የሚከድኑ። ወይዘሮዋ በእጃቸው የቀረው ከመታወቂያ ላይ የተነሳ አንድ ትንሽ ፎቶ ብቻ ነበር። "ለሙት ዓመቱ አሳድግልኝ ልጄ፣ ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጣል" አሉት።

ፍሬው ደከመበት። እውነቱን እንናገር፣ እንደ አባቱ አድርጎ ነው የሠራው። ጭረቱን አጠፋ፣ ሸሚዙን አነጣ፣ ፊታቸው ላይ ሕይወት ዘራበት። እታፈራሁ ፍሬም ስታስገባው ምንም አልተናገረችም። ጨርቅ አልብሳ ሰጠቻቸው፤ ወይዘሮዋም ሳይገልጡ ይዘው ሄዱ፤ ድንኳን ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ገለጡት።

በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ፎቶውን ይዘዋል። ስቱዲዮው ውስጥ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነበር።

"ልጄ" አሉት፣ "እኔ ባሌን አውቀዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ። ይሄ ሰው ማነው?"

"እሳቸው ናቸው እኮ እማማ።"

"እሱ አይደለም። አፍንጫው ቀይ፣ ጉንጩ ቀይ፣ ዓይኑ የቀላ ሰካራም ነው ያመጣህልኝ። ትናንት ከድንኳኑ በስተኋላ አንዱ ለሌላው ምን ሲለው እንደሰማሁ ታውቃለህ? 'ለካ በድብቅ ይጠጣ ነበር' ሲለው ሰማሁ። በቁሙ አንድ ቀን ያልቀመሰውን ሰው፣ ከሞተ በኋላ አሰከርኸው!"

ፍሬው አፉን ከፈተ። መልስ ሊሰጥ ነው፣ ልማዱ ነዋ። "እማማ፣ ማተሚያ ቤቱ ነው" አለ።

ወይዘሮ አስካለች አላለቀሱም። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ታች ደፍተው አስቀመጡት። "ለሞተ ሰው ማን ይከራከርለታል?" አሉና ወጡ። ወረፋ ይጠብቅ የነበረው ሰውም ቦርሳውን አንስቶ ተከተላቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፍሬው ኮምፒውተሩን ከፈተ። መስመሮቹ መጡ። መታው። መስመሮቹ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተለወጡ፣ እንደ ዳማ ሰሌዳ። ደግሞ መታው። ጨለመ። ደግሞ መታው፣ ደግሞ መታው፣ እጁ እስኪያመው። ምንም።

ተካልኝ የሚባል ጠጋኝ ጠሩለት። ከሬዲዮ ጀምሮ ሲፈታ ሲገጥም ያረጀ፣ ንግግሩ አጭር፣ ትዕግሥቱ ደግሞ ከንግግሩ ያጠረ ሰው ነው። የኮምፒውተሩን ጎን ከፈተና ፊቱን አዞረ። አቧራው እንደ በግ ጠጉር ተጋግሯል። ካርዷን ነቅሎ ደጅ አወጣት፣ እፍ አለባት፣ ለፀሐይ አቃንቶ አያት። ማቀዝቀዣዋ አልዞር ብላ ደርቃለች። ላይዋ ላይ ከተተከሉት ጥቃቅን ጣሳ መሳይ ዕቃዎች ግማሾቹ ሆዳቸው አብጦ ፈስሰዋል።

"ይቺ እኮ ዛሬ አይደለም የሞተችው" አለ። "ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው የምታስቸግርህ?"

"ትንሽ ትንቀጠቀጥ ነበር። ስመታት ትስተካከል ነበር።"

"ትመታታለህ?" ተካልኝ ቀና ብሎ አየው። "ቀለሙስ? ቀዩን አልቀነሰችብህም?"

ፍሬው፣ "ስክሪን ቀይሬ አይቻለሁ እኮ። ሁለቱም ስክሪን አንድ ዓይነት ነበር ያሳዩኝ" አለ።

"ታዲያ ምን ሊያሳዩህ ፈልገህ ነው? ለሁለቱም የምትነግራቸው እኮ ይቺው አንዷ ናት! አንድ ውሸታም ለሁለት ሰው ቢያወራ ሁለት ምስክር ተገኘ ይባላል?"

ሌላ ካርድ ከቦርሳው አውጥቶ ገጠመለት። አሮጌ ናት፣ ግን ጤነኛ። ስክሪኑ በራ። አልተንቀጠቀጠም። ፍሬው የአቶ ዘርጋን ፎቶ ከፈተ።

ሰካራም ሰው አየ።

ሙሽራዋን ከፈተ። ሕፃኑን ከፈተ። ያቺን ሥራ ፈላጊ ልጅ ከፈተ። ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ ያቀላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ከፈተ። የነገሩት ሁሉ ትክክል ነበሩ። ሰዎቹ ትክክል ነበሩ፣ ሸምሱ ትክክል ነበር፣ ሚስቱ ትክክል ነበረች። እታፈራሁ ከኋላው ቆማ ታይ ነበር። "አላልኩህም?" ትላለች ብሎ ጠበቀ። አላለችም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ "ከየቱ እንጀምር?" አለችው።

ከሸምሱ ጀመረ። ሄደና ባንኮኒው ፊት ቆሞ፣ "በደልኩህ" አለው። "ቀለምህ ደህና ነው። የኔ ኮምፒውተር ነው።"

ሸምሱ የሚሠራውን አላቋረጠም። "እዚህ እኔና አንተ ብቻ ነን" አለ። "ሻይ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ነበረ?"

ገባው። በምሳ ሰዓት፣ ሻይ ቤቱ ጢም ባለበት ሰዓት ገባና ቆመ። "ስለ ሸምሱ የተናገርኩት ሐሰት ነው፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አለ። አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ አልሰማም፤ ብርጭቆ ይንኳኳል፣ ሬዲዮ ይጮሃል። ደግሞ ጮክ ብሎ ተናገረ። ስም ሲያጠፋ አንድ ጊዜ ማውራት በቅቶት ነበር፤ ሲመልስ ግን መጮህ ነበረበት። ከሸሹት ደንበኞች ለሸምሱ የተመለሱለት ከግማሽ አይበልጡም። ሸምሱ ፎቶውን ማተም ጀመረለት፣ ሰላምታውንም መለሰለት። ወደ ቤቱ አፍጥር ብሎ የጠራው ግን ከሁለት ረመዳን በኋላ ነው።

የአቶ ዘርጋን ፎቶ እንደገና ሠራው። ሲታተም ወደ ደጅ አወጣውና በፀሐይ አየው፤ ከእታፈራሁ ጋር ሆኖ አየው። ራሱ ይዞላቸው ሄደ። ወይዘሮ አስካለች በሁለት እጃቸው ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ለፍሬው አንድ ቃል አልተናገሩም። ለፎቶው ነው የተናገሩት። "መጣህ?" አሉት።

ሁሉ ግን አልተመለሰም። ሥራ ፈላጊዋ ልጅ የት እንደሄደች አልታወቀም። አንዳንዶቹ ሙሽሮች ከተማውን ለቀው ሄደዋል። ዛሬም የሆነ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ፍሬው በማያውቀው አገር፣ ፊታቸው የቀላ ሰዎች ተሰቅለዋል።

እንግዲህ እናንተ ሆይ! በፍሬው ስትስቁ አይቻለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። አሁን እኔ ልጠይቃችሁ።

ከመካከላችሁ ሦስተኛ ቤት የተከራየ የለም? በመጀመሪያው ቤት አከራይዋ ክፉ ነበረች፣ በሁለተኛው ጎረቤቱ ምቀኛ ነበር፣ በሦስተኛው ደግሞ ያው ነገር ጀምሯችኋል። ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የተዘዋወራችሁ፣ በሄዳችሁበት ሁሉ አለቃው የሚጠላችሁ፣ እናንተ የላችሁም? ማኅበር ለቃችሁ ማኅበር የገባችሁ፣ እዚያም ሰዉ አስመሳይ ሆኖ ያገኛችሁት? ስክሪን ትቀይራላችሁ! ስንት ስክሪን ነው የምትቀይሩት? ሰዉ ሁሉ ገርጥቶ የሚታያችሁ እስከ መቼ ነው?

ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ትጣላላችሁ፤ ከዚያ ወዳጃችሁን ጠርታችሁ ታማክራላችሁ። ወዳጃችሁም "እውነትህን ነው"፣ "እውነትሽን ነው" ይላል። ደስ ይላችኋል፣ ምስክር አገኘን ትላላችሁ። ለወዳጃችሁ ታሪኩን የነገረው ማነው? እናንተው! ከእናንተ የሰማውን ነው መልሶ የነገራችሁ።

ስታስተካክሉ የምታበላሹት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ልጃችሁ ሰነፍ ሆኖ ታያችሁ፣ ታርሙታላችሁ፤ ምራታችሁ ኩሩ ሆና ታየቻችሁ፣ ታርሟታላችሁ። በቅንነት ነው፣ አውቃለሁ። ፍሬውም በቅንነት ነበር። በቅንነት ስንት ሰው አቀላን?

እግዚአብሔር ብርሃን አልነፈገንም። ቃሉ አለ፣ ንስሐ አባት አለ፣ ወዳጅ አለ። ደጁ ቅርብ ነው። የራቀብን እኛ ስለማንወጣ ነው።

እንግዲህ የዛሬ ሥራችሁ ይህ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ከልቡ የሚወዳችሁ፣ ነግሮ ነግሮ የሰለቸው አንድ ሰው አለ። ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ይኸው አሁን ፊቱ መጣባችሁ። ዛሬ ሂዱና አጠገቡ ተቀመጡ። "እኔ የማይታየኝ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ አያምናችሁም፤ ዝም ይላል። ጠብቁት። መናገር ሲጀምር መልስ አፋችሁ ላይ ይመጣል፣ በጣም ጥሩ መልስ ይመጣል።

ዋጡት። ስሙት።